ሥዕል ዩኒቨርሲቲ ድረስ ምን ያስኬዳል?

«መሳል ተሰጥኦ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ምን ያስኬዳል?» ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ይህን የማይጠይቅ ወላጅ ማግኘት ከባድ ነው። ልጁ የደብተሩን ጀርባ በሥዕል ሲሞላ ጎረቤት ያደንቃል። ለትምህርት ቤቱ ቻርት ሲሠራ መምህሩ ያጨበጭብለታል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ግን ነገሩ ይቀየራል። «በል አሁን ቁም ነገር ያዝ» ይባላል። አካውንቲንግ፣ ኢንጂነሪንግ፣ ጤና ይቆጠራል። ሥዕል ለትርፍ ሰዓት ይቀራል።

ጥያቄው ግን ደህና አድርጎ መልስ የሚሰጠው ቢያገኝ ጥሩ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለሚኖር የድሬ ወላጅ ማን ያስረዳዋል? ስሙን የሰማ ራሱ «ሥዕል የሚያሳምሩበት ቦታ» ብሎ ያልፈዋል።

እዚያ ቤት ውስጥ ከተመሠረተ ጀምሮ ያላባራ ክርክር አለ። አንዱ ወገን «መጀመሪያ ያየኸውን በትክክል ሳል» ይላል። ሌላው «የራስህን ፈልግ» ይላል። ዛሬ ተማሪው የሚወስደው ኮርስ፣ የሚመርጠው ዘርፍ፣ ሁሉም ከዚህ ክርክር የወጣ ነው። ክርክሩን ካጋጋሉት ሰዎች አንዱ ደግሞ የሐረር ልጅ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ሳናውቅ ፕሮግራሙን ብንዘረዝር ትርጉም አይሰጥም።

ከመቅደስ ግድግዳ ወደ ክፍል

ሥዕል በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ትምህርት አለው። ትምህርት ቤቱ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ተማሪው መምህሩ ሥር ይቀመጣል። ቀለም ይበጠብጣል፣ ሸራ ያዘጋጃል፣ ከዚያ የመምህሩን መስመር እየተከተለ ይሠራል። ሕጉ የታወቀ ነው። ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሳላል። ክፉው በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን ይቀራል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ነጭ ነው። «እኔ ቡላ ላድርገው» ብሎ ነገር የለም። ጎበዝ ሠዓሊ የሚባለው አዲስ ነገር ያመጣው ሳይሆን የተቀበለውን ሳያዛንፍ ያስተላለፈው ነው።

አለ ፈለገ ሰላም የተወለዱት ሰላሌ ውስጥ ከእንዲህ ያለ የሠዓሊ ቤተሰብ ነው። አጎታቸው እማኤላፍ ኅሩይም ስመ ጥር ሠዓሊ ነበሩ። አለ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በቺካጎ የሥነ ጥበብ ኢንስቲትዩት ትምህርት ቤት ተማሩ። ከእሳቸው በፊትም ውጭ ሄደው የተማሩ ነበሩ። አገኘሁ እንግዳ ፓሪስ ተምረው ተመልሰዋል። ያልነበረው በየዓመቱ ተማሪ ተቀብሎ የሚያስመርቅ ቋሚ ትምህርት ቤት ነው። አለ የከፈቱት ይህንን ነው። በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ዳይሬክተርም እሳቸው ሆኑ። ስሙ የእሳቸው ሆኖ የምናየው ለዚህ ነው። በ2008 ዓ.ም. አርፈዋል፤ ትምህርት ቤቱ በስማቸው ሲጠራ ለማየት ግን ደርሰዋል።

ያመጡት ትምህርት ከቤተ ክርስቲያኑ ምን ይለያል? ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ማየት ይሻላል።

መሃል ላይ አንድ ሰው ይቀመጣል ወይም ይቆማል። ሞዴል ይባላል። ተማሪዎቹ ሸራና ወረቀታቸውን አቁመው ዙሪያውን ይከቡታል። አንዷ ተማሪ ክንዷን ሙሉ በሙሉ ትዘረጋለች። አንድ ዓይኗን ጨፍና እርሳሷን በሞዴሉ ትክክል ትይዛለች። ከእርሳሱ ጫፍ እስከ አውራ ጣቷ ድረስ ያለው ርቀት የሞዴሉ ጭንቅላት ነው። ከዚያ እጇን ሳታጥፍ ወደ ታች እየቆጠረች ትወርዳለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የቆመ ጎልማሳ ሰው ቁመት የጭንቅላቱን 7 ወይም 7 ተኩል ያህል ይሆናል። ያልተማረ እጅ ብዙ ጊዜ 5 ያደርገዋል። ለፊት ትኩረት ስለምንሰጥ ጭንቅላቱን ሳናውቀው እናተልቀዋለን። ዓይንንም ግንባር ላይ እንሰቅለዋለን። ቢለካ ግን ዓይን የሚገኘው ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት እኩሌታ ላይ ነው። መስታወት ፊት ቆማችሁ ሞክሩት።

ይህ መለካት ለወራት ይቀጥላል። መጀመሪያ በከሰልና በእርሳስ ብቻ ነው። ተማሪው የሚያስቸግረው እጁ ይመስለዋል። ቆይቶ ግን የሚያውቀውን እንጂ የሚያየውን እየሳለ እንዳልነበር ይገባዋል። የጠረጴዛ አራት እግር እኩል ነው ብሎ ስለሚያውቅ እኩል አድርጎ ይስላል፤ ከቆመበት ቦታ ሲታይ ግን የኋለኞቹ አጥረዋል። እንግዲህ «ተሰጥኦ ነው» የሚለው ወላጅ ግማሽ ልክ ነው። ተሰጥኦ ያለው ልጅ ቶሎ ይይዘዋል። ነገር ግን ይህን ራሱን ችሎ የሚደርስበት ጥቂት ነው።

የሐረሩ ልጅ

አሁን ወደ ክርክሩ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ የተወለደው ሐረር ነው። አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ ካህን፣ መምህርና የሃይማኖት ሥዕል የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ልጁ ቀለም ያየው ቤቱ ነው። ሆኖም ዩኒቨርሲቲ የገባው እርሻ ለመማር ነበር። አቋረጠው። (ይህን ክፍል ለልጁ የማያነብ ወላጅ ቢኖር አልፈርድበትም።) ከዚያ ጀርመን ሄዶ ኮሎኝ ከተማ ሥነ ጥበብ ተማረ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ተመልሶ በዚያው በአለ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ።

ይዞት የመጣው ሥዕል ብዙዎችን ግራ አጋባ። አንዳንዱ ሸራ ላይ ሰው የለም፣ ዛፍ የለም፣ ቤት የለም። ቀለም፣ መስመርና ቅርጽ ብቻ። «ጎልጎታ» የሚለው ሥራው ቀይ የነገሠበት ነው። ስቅለቱን የሚያውቅ ተመልካች የለመደውን መልክ ፈልጎ ሥቃዩን በቀለሙ ያገኘዋል። «ይህ ኢትዮጵያዊ ነው ወይ?» የሚል ሙግት ተነሳ። ጋዜጣ ላይም ተጻፈ። እኔ ሙግቱ የመጣው በቀለሙ አይመስለኝም። ተመልካቹ ሥዕልን እንደ ጽሑፍ ማንበብ ለምዷል። ይሄ ማን ነው፣ ያ ማን ነው፣ ምን እያደረጉ ነው? ገብረ ክርስቶስ ያን ጥያቄ ዘጋበት። ተመልካቹ ተናደደ።

ገብረ ክርስቶስ ገጣሚም ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተሸልሟል። በደርግ ጊዜ ከአገር ወጥቶ በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ጀርመን ቀርተው ከነበሩ ሥዕሎቹ አንዳንዶቹ ተመልሰው ስድስት ኪሎ በስሙ በተሰየመው ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይታያሉ። አዲስ አበባ የሚሄድ የሐረር ሰው ይህን ሳያይ ባይመለስ ደስ ይለኛል።

ገብረ ክርስቶስ እዚያ ሲያስተምር ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ መጣ። የትምህርት ቤቱ ቆይታው አጭር ነው፤ ሦስት ዓመት ገደማ። ተጽዕኖው ግን እስካሁን አልበረደም። እስክንድር የብራናውን፣ የክታቡንና የመስቀሉን ምልክት ወስዶ ወደ ሕልም መሰል ሥዕል ቀየረው። በኋላ አሜሪካ ሄዶ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን አስተማረ። በ1995 ዓ.ም. አረፈ። ዛሬ የአለ ትምህርት ቤት፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የዮፍታሔ ንጉሤ የቴአትር ትምህርት ቤት የታቀፉበት ኮሌጅ በእስክንድር ስም ይጠራል። የተማሪው ወረቀት ላይ አለና እስክንድር አንድ ላይ መስፈራቸው ያንን የድሮ ክርክር ለሚያውቅ ፈገግ ያሰኛል።

እንጨት፣ መሮና የተገለበጠ ፊደል

ከውጭ መምህራን መካከል ሃንሰን ባሂያን ሳላነሳ አላልፍም። ጀርመናዊ ነው፤ ስሙን ግን ከኖረባት ከብራዚሏ ባሂያ ወሰደ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ መጥቶ የእንጨት ኅትመት አስተማረ። ዘሪሁን የትምጌታ ከእሱ ተማሪዎች አንዱ ነው።

የኅትመት ጥበብ ብዙ ሰው የማያውቀው ዘርፍ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ተማሪው ሥዕሉን የተላገ ጣውላ ላይ ይነድፋል። ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈልገውን ሁሉ በመሮ እየፈለፈለ ያነሳል። እንጨት ጅማት አለው። ከጅማቱ ጋር ሲሄዱ መሮው ይንሸራተታል፤ በተቃራኒው ሲሄዱ ይነክሳል፣ ጠርዙም ይሰነጠቃል። አንዴ የተነሳ አይመለስም። ሲጨርስ ጉብ ብሎ በቀረው ላይ በሮለር ጥቁር ቀለም ያሳርፋል። ወረቀት ይደርብበታል። ጀርባውን በማንኪያ ያሸዋል ወይም በማተሚያ ያሳልፈዋል። ወረቀቱ ሲላቀቅ ግራው ቀኝ ሆኗል። ጽሑፍ ካለበት ጣጣው ይብሳል። «ሐረር» ብሎ ለማተም ፊደሎቹን ገልብጦ፣ ከቀኝ ወደ ግራ መቅረጽ አለበት። «ሐ» ሁለት ጎኑ ስለሚመሳሰል ይምርሃል። «ረ» እና «ር» ግን አይምሩህም።

ከአንድ ጣውላ ብዙ ቅጂ ይወጣል። እያንዳንዱ በሠዓሊው እጅ ተቆጥሮ ይፈረምበታል። ስለዚህ ከቅብ ሥዕል ይልቅ ዋጋው ለገዢ ይቀርባል። ይህ ዘርፍ ለምሥራቁ ገበያ ይመቻል ብዬ የምሟገተው በዚህ ምክንያት ነው። ሐረር ጀጎልን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ትልቅ ሸራ አውሮፕላን ላይ ጭኖ አይሄድም። ኅትመት ግን ጠቅልሎ ይሄዳል።

ፖስተር፣ ሌኒንግራድ፣ ዲግሪ

አብዮቱ ሲመጣ ሁለቱም ወገን ተደፈጠጠ። ሥዕል የሕዝብ አገልጋይ ይሁን ተባለ። ፖስተር ተፈለገ። አደባባይ የሚሰቀል የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስል ተፈለገ። ብዙ ወጣቶች ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላኩ። የሚገርመው ይህ ዘመን ለ«በትክክል ሳል» ወገን ጉልበት ሰጠው። እንደ ታደሰ መስፍን ያሉ ሌኒንግራድ ተምረው የተመለሱ መምህራን የሰውን አካል መሳልን ጠበቅ አድርገው አስተማሩ። ፖስተሩ አልፏል። ያ የእጅ ጥንካሬ ግን በዛሬዎቹ ተመራቂዎች ላይ ይታያል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሊያን ውስጥ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ በቬኒስ ቢዬናሌ፣ የራሷን ማሳያ ስትከፍት የወከላት ሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳ የዚህ ትምህርት ቤት ምሩቅ ነው። በኋላ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ቀጥሏል። ሥዕሎቹን ያየ ሰው ሁለቱን ወገኖች አንድ ሸራ ላይ ያገኛቸዋል። አካሉ በጥንቃቄ ከተጠና በኋላ ሆን ተብሎ ተሰባብሯል።

ትምህርት ቤቱ ለረጅም ጊዜ በዲፕሎማ ሲያስመርቅ ቆይቶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለለ። ከዚያ ዲግሪ፣ ቀጥሎም ሁለተኛ ዲግሪ መጣ። ወላጅን የሚያረጋጋው ይሄ ነው። ወረቀቱ እንደማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ነው።

ታዲያ ምን ምን ይማራሉ?

መጀመሪያ ሁሉም መሠረታዊውን አብረው ይማራሉ። መሳል፣ ቀለም፣ ቅርጽ፣ የሥነ ጥበብ ታሪክ። ከዚያ ወደ ዘርፋቸው ይበተናሉ። ዋናዎቹ ቅብ ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ ኅትመትና ግራፊክ፣ ኢንዱስትሪያል ዲዛይንና የሥነ ጥበብ መምህርነት ናቸው።

ቅብ ሥዕል ውስጥ ተማሪው ቀለም ከምን እንደሚሠራ ያውቃል። ቀለም ማለት የተፈጨ ዱቄትና የሚያጣብቀው ነገር ነው። ዱቄቱ በዘይት ቢለወስ የዘይት ቀለም ይሆናል፤ በእንቁላል ቢለወስ ሌላ ነው። እዚህ ላይ የድሬ ልጅ መኩራት ይችላል። ከከተማው በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ውስጥ አርኪዮሎጂስቶች 4,213 ቁራጭ ቀይና ቢጫ የቀለም አፈር አግኝተዋል። ክብደቱ 40 ኪሎ ያህል ነው። ዕድሜውም ወደ 40,000 ዓመት ይጠጋል። አብረው የተገኙት መፍጫ ድንጋዮች ላይ የቀለሙ ቅሪት አለ። አቦ፣ ቀለም መፍጨት ድሬ ላይ የቆየ ሙያ ነው!

ቅርጻ ቅርጽ ጉልበት ይጠይቃል። መጀመሪያ የብረት አጽም ይበየዳል። ጭቃ ይለበስበታል። እንዳይደርቅ በየማታው በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ሲያልቅ በጀሶ ይገለበጣል። ገንዘብ ካለ ወደ ነሐስ ይሻገራል። በ2012 ዓ.ም. የፈረሰውን የሐረሩን የራስ መኮንን ሐውልት የሠሩት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። እሳቸው የተማሩት ለንደን እንጂ እዚህ አይደለም። ሐውልትን የሚያቆም ሥነ ጥበብ ብቻ እንዳልሆነ፣ የሚጥለውም እንደዚያው እንደሆነ ግን ሐረር አሳይታናለች።

ኢንዱስትሪያል ዲዛይን ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ነው። ወንበር፣ የዕቃ ማሸጊያ፣ የእጅ መሣሪያ፣ መብራት፣ እነዚህን ሁሉ አስቦ የሚነድፍ ሰው ያስፈልጋል። የሐረሪ እናቶች ይህን ቋንቋ ያውቁታል። ስፌቱ ከመሃል ጀምሮ እየዞረ ይሰፋል። በየዙሩ ክቡ ስለሚሰፋ ንድፉ እንዳይዛባ ቀድሞ መቆጠር አለበት። ስፌቱ ግድግዳው ላይ በሥርዓት ሲሰቀል ደግሞ የቤቱ አካል ይሆናል። ድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ፣ ሲሚንቶና ምግብ ስታመርት የኖረች ከተማ ናት። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ነፃ የንግድ ቀጠናም አላት። የሚመረተውን ዕቃ መልክ የሚሰጥ ባለሙያ ግን ብዙ ጊዜ ከሌላ ቦታ ይፈለጋል።

መምህርነቱን በአጭሩ ልለፈው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት በታችኛዎቹ የክፍል ደረጃዎች ገብቷል። የሚያስተምረው የሰለጠነ ሰው ያስፈልጋል።

ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ደስታ ሐጎስን አስታውሱ። ከትምህርት ቤቱ ቀደምት ሴት ምሩቃን አንዷ ናት። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻዋን ኤግዚቢሽን ያቀረበች የመጀመሪያዋ ሴት ሠዓሊ ተብላም ትጠራለች።

እንጀራስ?

እውነቱን እንነጋገር። ሥዕል ሸጦ ብቻ የሚኖር ሠዓሊ ጥቂት ነው። ጋለሪውም ሰብሳቢውም በብዛት ያለው አዲስ አበባ ነው። ድሬ ላይ ኤግዚቢሽን ልክፈት ቢሉ አዳራሽ መለመን አለ። ስለዚህ አብዛኛው ምሩቅ ሁለት እግር አለው። አንዱ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ሌላው ማስታወቂያ ድርጅት፣ አኒሜሽን፣ የፊልም መድረክ ዝግጅት፣ ሙዚየም ወይም ክፍል ውስጥ። ይህን ሳይደብቁ ለልጁ መንገር ይሻላል። «አካውንቲንግ ያዋጣል» ብሎ የሚከራከር ወላጅም ሥራ ፈላጊ አካውንታንት ስንት እንዳለ ከሰፈሩ ይቁጠር።

ለመግባት የብሔራዊ ፈተና ውጤት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተናም ይሰጣል። ለሥነ ጥበብ ደግሞ በእጅ ሠርተው የሚያሳዩት የተሰጥኦ ፈተና አለ። የዓመቱን ማስታወቂያ ቀድሞ መከታተል ነው፤ ጉዞው ሩቅ ስለሆነ ዘግይቶ መስማት ያስከፍላል።

ለዝግጅቱ ግን አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። ከስልክ ፎቶ ላይ የታዋቂ ሰው ፊት መገልበጥ ይቅር። ፎቶው መለካቱን ሠርቶ ጨርሶልሃል። ድሬ ያለህ ከሆነ ከፊራ ገበያ በጠዋት ሂድና የተቀመጡትን ነጋዴዎች ሳል። የሚንቀሳቀስ ሰው ስለማይጠብቅህ እጅህ ይፈጥናል። ሐረር ያለህ ከሆነ የጀጎል ጠባብ መንገዶች ፐርስፔክቲቭ (ነገር ሲርቅ እያነሰ የሚታይበትን ሕግ) ለመማር ከየትኛውም መጽሐፍ ይሻላሉ። ግድግዳዎቹ ወዴት እንደሚጠባበቡ ቆሞ ማየት ነው። የራስህን ግራ እጅ በየቀኑ ሳል። ጫማ ሳል፣ ጀበና ሳል፣ የተዝረከረከ ጋቢ ሳል። ቀን ጻፍበትና ሁሉንም አስቀምጥ፤ ያልተሳካውንም ጭምር። አባትህ «ምን ለወጥክ?» ሲሉህ የመስከረሙንና የግንቦቱን ጎን ለጎን አድርገህ ታሳያቸዋለህ።